«ስቶርም» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አማርኛ የመመለስ አሠራር፦ ከሰማዩ ወጀብ እስከ ስብሰባ ረግጦ መውጣት

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ዜና ለሚተረጉሙ ጋዜጠኞች፣ በሆስፒታልና በፍርድ ቤት ለሚያስተረጉሙ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም የእንግሊዝኛ ሰነድ እያነበቡ በአማርኛ ሪፖርት ለሚያዘጋጁ ሠራተኞች ነው። የሚመለከተው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ስቶርም»። ቃሉ ተራ የአየር ጠባይ ቃል ስለሚመስል ብዙዎች ሳያመነቱ «ዐውሎ ነፋስ» ብለው ያልፉታል። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛ ተናጋሪው በዚሁ ቃል ዝናብን፣ በረዶን፣ አቧራን፣ ቁጣን፣ የጦር ጥቃትን፣ የልብ ሕመምን፣ ሌላው ቀርቶ የጎርፍ መውረጃን ጭምር ስለሚጠራበት፣ ሁሉንም በአንድ የአማርኛ ቃል ለመሸፈን መሞከር አንባቢን ያሳስታል። እኔ የምከተለው አሠራር የአማርኛውን ስም ለመፈለግ ከመጣደፍ በፊት በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ምን እንደሆነ መጠየቅ ነው፤ አየር ነው፣ ውኃ ነው፣ ሰው ነው ወይስ ወሬ?

ደረጃ 1፦ በጽሑፉ ውስጥ ሰማይ መኖሩን ያረጋግጡ

የነፋስ ፍጥነት፣ የዝናብ መጠን፣ የሰዓት ገደብ ወይም የመብራት መቋረጥ ከተጠቀሰ ቃሉ በቀጥታ ፍቺው ገብቷል ማለት ነው። ከአጠገቡ ትችት፣ ተቃውሞ፣ ፓርላማ ወይም የተናደደ ሰው ካለ ደግሞ ምሳሌያዊ ነው። ይህን ለመለየት ርዕሱን ብቻ ማንበብ ፈጽሞ አይበቃም፤ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ርዕስ ሲያወጡ ሆነ ብለው ሁለቱን ፍቺዎች ያጫውታሉና። «ከንቲባው ስቶርም ገጠማቸው» የሚል ርዕስ ስለ በረዶም ስለ ወቀሳም ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ስለ ሁለቱም ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1979 በቺካጎ ከተማ ከባድ በረዶ ጥሎ መንገዶች ሲዘጉ፣ ከንቲባ ማይክል ቢላንዲክ በረዶውን በወቅቱ ባለማስጠረጋቸው ሕዝቡ ክፉኛ ተቆጣባቸው፤ በቀጣዩ ወርም በፓርቲያቸው የቅድመ ምርጫ ውድድር በጄን በርን ተሸነፉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው «ስቶርም» የሰማይ፣ ሁለተኛው የሰው ነው። የሚተረጉም ሰው የትኛው አንቀጽ ስለየትኛው እንደሚናገር ለይቶ ለየራሳቸው ቃል ሊሰጣቸው ይገባል።

ደረጃ 2፦ ሰማይ ካለ፣ የሚወርደውንና የሚነፍሰውን ለይተው ይጥሩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ደረጃ ነው። እንግሊዝኛ «ስቶርም» የሚለውን የወል ስም ይይዝና ፊቱ ላይ የዝናብ፣ የነጎድጓድ፣ የአሸዋ ወይም የበረዶ ቅጽል ይለጥፍበታል፤ አማርኛ ግን እያንዳንዱን በየስሙ የሚጠራ ቋንቋ ነው። ነፋስ ኖረውም አልኖረው ያለ ፋታ የሚወርድ ዝናብ ዶፍ ይባላል። ነፋስ ወዲያና ወዲህ የሚያንገላታው ዝናብ ውሽንፍር ነው። በመስኮትና በበረንዳ አግድም እየገባ የቤት ውስጥ ሰው የሚያርሰው ወጨፎ ነው። ዐውሎ ነፋስ በትክክለኛ ፍቺው እየተሽከረከረ የሚነሣ ነፋስ ሲሆን፣ በበጋ ወራት በሜዳ ላይ አቧራና ገለባ እያጦዘ ሲያልፍ ያላየ የገጠር ልጅ የለም። ማዕበል የውኃ ነው፤ ባሕር ወይም ሐይቅ በሌለበት ቦታ በቀጥታ ፍቺው አይገባም። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ታንኳይቱ በባሕር ላይ የተናወጠችበትን ታሪክ ሲተርክ ነፋሱን ዐውሎ፣ ውኃውን ማዕበል ብሎ ለየብቻ መጥራቱ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ከእነዚህ ሁሉ ሰፋ ያለውና ነፋስን፣ ዝናብንና የውኃ መናወጥን አንድ ላይ ሊሸከም የሚችለው ወጀብ ነው፤ ስለዚህ የስቶርሙ ዓይነት በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ካልተነገረ «ዐውሎ ነፋስ» ከማለት «ወጀብ» ማለትን እመርጣለሁ።

በዚህ መሠረት «ሬይንስቶርም» ሲያጋጥም እንደ ሁኔታው ዶፍ ወይም ውሽንፍር ይበሉ። «ተንደርስቶርም» ሲያጋጥም «የነጎድጓድ ዐውሎ ነፋስ» የሚል አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ የአገር ቤት የአየር ትንበያ ዘገባ «መብረቅና ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ» በማለት የአድማጩን ጆሮ ካለማመደ ቆይቷል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያውቁትና አድማሱን ቡናማ አድርጎ መኪና መንዳት የሚከለክለው «ሳንድስቶርም» የአሸዋ ወጀብ ወይም የአቧራ ወጀብ ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚያስነሣው ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ሻማል የተባለው ነፋስ ስለሆነ፣ ዜናው ስሙን ከጠቀሰ ስሙን እንዳለ መያዝ ይሻላል፤ አንባቢው እዚያው ሆኖ በዐረብኛ ሲጠራ ይሰማዋልና።

ችግሩ በረዶ ላይ ሲደርስ ይበረታል። በእኛ ቋንቋ ከሰማይ የሚወርደው እንክብልም፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም ሁሉም በረዶ ይባላል። ስለዚህ «ሄይልስቶርም»፣ «ስኖውስቶርም» እና «አይስ ስቶርም» የተባሉት ሦስት የተለያዩ ክስተቶች በአማርኛ «የበረዶ ዐውሎ ነፋስ» ተብለው አንድ ሆነው ይቀራሉ፤ ሦስቱ የሚያስከትሉት ጉዳትም የሚጠይቁት ጥንቃቄም ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው መኪናና ሰብል ይቀጠቅጣል፣ ሁለተኛው መንገድ ይዘጋል፣ ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ሽቦና ዛፍ ይሰብራል። ለመጀመሪያው «የበረዶ ጠጠር የቀላቀለ ዝናብ» ወይም «እንክብል በረዶ» ማለት ይቻላል። ለሁለተኛው፣ በሰሜን አሜሪካ የሚኖረው አንባቢ «ስኖው» የሚለውን ቃል እንደ አማርኛ ስለሚጠቀምበት «ስኖው የቀላቀለ ወጀብ» ቢባል ይገባዋል፤ ለአገር ቤት አንባቢ ግን «ከነፋስ ጋር የሚወርድ ብናኝ በረዶ» ብሎ መግለጽ ይበጃል። ሦስተኛው ሲወርድ ዝናብ፣ ሲያርፍ በረዶ ነው። ጠብታው ከዜሮ በታች በቀዘቀዘ ቅርንጫፍ፣ ሽቦና አስፋልት ላይ ሲያርፍ ወዲያው ይረጋና እንደ መስታወት ይለብሰዋል። የአሜሪካ የአየር ጠባይ አገልግሎት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ስም የሚጠራው የረጋው በረዶ ውፍረት ሩብ ኢንች፣ ማለትም ወደ 6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ወይም ሲበልጥ ነው። «ቃሉ ረዘመ» ብሎ ማሳጠር እዚህ ላይ አይጠቅምም፤ «ሲያርፍ የሚረጋ ዝናብ» የሚለውን ያነበበ ሾፌር ቁልፉን መልሶ ያስቀምጣል።

«ብሊዛርድ» የሚባለውንም እግረ መንገድ ማንሣት ይገባል። በአሜሪካው መለኪያ ይህ ስም የሚሰጠው በሰዓት 56 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚነፍስ ነፋስ በረዶ እያበነነ እይታን ከ400 ሜትር በታች ሲያወርድና ይህም ቢያንስ ለ3 ሰዓት ሲቆይ ነው። አዲስ በረዶ ከሰማይ መውረዱ ግዴታ አይደለም፤ መሬት ላይ የነበረውም ተነሥቶ ሊበን ይችላል። ስለዚህ «ከባድ በረዶ ጣለ» ብሎ መተርጎም ሁልጊዜ ትክክል አይሆንም።

ደረጃ 3፦ ቃሉ የመለኪያ እርከን መሆኑን ይመልከቱ

አንዳንድ ጊዜ «ስቶርም» ገለጻ ሳይሆን በቁጥር የታጠረ እርከን ነው። ፍራንሲስ ቦፎርት የተባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን እ.ኤ.አ. በ1805 ባዘጋጀው የነፋስ መለኪያ «ስቶርም» አሥረኛው እርከን ሲሆን፣ በዛሬው ስሌት በሰዓት ከ89 እስከ 102 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ፍጥነትን ያመለክታል። በሞቃት ባሕሮች ላይ ግን አከፋፈሉ ሌላ ነው፤ «ትሮፒካል ስቶርም» የሚባለው በሰዓት ከ63 እስከ 118 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰው ሲሆን፣ 119 ላይ ሲደርስ በአትላንቲክ «ሃሪኬን»፣ በሰሜን ምዕራብ ፓስፊክ «ታይፉን» ይባላል። ስለዚህ «ትሮፒካል ስቶርሙ ወደ ሃሪኬን አደገ» የሚል ዜና «ዐውሎ ነፋሱ ወደ ዐውሎ ነፋስ አደገ» ተብሎ እንዳይተረጎም፣ የታችኛውን «የሐሩር ወጀብ»፣ የላይኛውን «ሃሪኬን» ብሎ ለይቶ ማስቀመጥና ፍጥነቱን በኪሎ ሜትር መጻፍ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ሶማሌላንድንና ጅቡቲን አጥለቅልቆ እስከ ኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ጎርፍ ያደረሰውን «ሳጋር» ያስታወሰ ሰው፣ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል።

ስም የተሰጣቸውን በተመለከተ፣ የብሪታንያና የአየርላንድ የአየር ጠባይ ተቋማት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለየወጀቡ የሰው ስም ያወጣሉ፤ የመጀመሪያው «አቢጌል» ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 18 ቀን 2022 የደረሰው «ዩኒስ» ደግሞ በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው በዋይት ደሴት ጫፍ ላይ በሰዓት 196 ኪሎ ሜትር የተመዘገበበት ነው። በአማርኛ «ስቶርም ዩኒስ ለንደንን መታች» ከማለት «ዩኒስ የተባለው ወጀብ» ማለት ይቀናል። ስሙ የሴት ስለሆነ ብቻ ወጀቡን በሴት ጾታ መጥራት አስፈላጊ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ይፋዊ ማስጠንቀቂያን እንደ ውል ሰነድ ይተርጉሙ

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የሚኖረው ሰፊው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሚደርሰውን የማስጠንቀቂያ መልእክት እንውሰድ። የዚህ አካባቢ ትንበያ የሚወጣው በቨርጂኒያ ስተርሊንግ ከሚገኘው የብሔራዊ የአየር ጠባይ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ መልእክቱ ሁልጊዜ በተመሳሳይ አቀማመጥ ይጻፋል፤ አደጋው፣ የመረጃው ምንጭ፣ የሚያስከትለው ጉዳት። ለምሳሌ ያህል «የሲቪር ተንደርስቶርም ዋርኒንግ እስከ ምሽቱ 6፡45፤ አደጋው በሰዓት 60 ማይል የሚነፍስ ነፋስና የኳርተር መጠን ያለው ሄይል፤ ምንጩ ራዳር» የሚል መልእክት ቢመጣ፣ የሚከተሉት ነጥቦች አንድ በአንድ መፈታት አለባቸው።

አንደኛ፣ «ሲቪር» እዚህ ላይ «ከባድ» የሚል ቅጽል ብቻ አይደለም። ይህን ስም ለማግኘት ነፋሱ በሰዓት 58 ማይል፣ ማለትም 93 ኪሎ ሜትር መድረስ፣ ወይም የበረዶው ጠጠር 1 ኢንች፣ ማለትም 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛ፣ «የኳርተር መጠን» ማለት የ25 ሳንቲም የአሜሪካ ገንዘብ ያህል ማለት ስለሆነ፣ ሳንቲሙን በየቀኑ ለሚያይ ሰው እንዳለ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ካልሆነ ግን 2.5 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ይጻፉ። «ሩብ» ብሎ መተርጎም ግን የበረዶውን ጠጠር ትርጉም አልባ ያደርገዋል። ሦስተኛ፣ ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ በአማርኛ «ከምሽቱ 12፡45» እንደሚሆን አይዘንጉ፤ ወይም «በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር 6፡45» ብለው በግልጽ ያስቀምጡ። እዚህ ላይ የሚፈጠር ስድስት ሰዓት ስሕተት የሰማዩን ቃል ከማበላሸት የከፋ ነው።

አራተኛውና ዋነኛው ነጥብ «ዋች» እና «ዋርኒንግ» የሚባሉት ናቸው። ሁለቱም በአማርኛ «ማስጠንቀቂያ» ተብለው ሲተረጎሙ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ይህም ማስጠንቀቂያውን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። «ዋች» ማለት ለወጀቡ መነሣት ሁኔታው ተመቻችቷል፣ ገና ግን አልተነሣም ማለት ሲሆን፣ ለከባድ ነጎድጓድና ለቶርናዶ (ከደመና እስከ መሬት ለሚሽከረከር ኃይለኛ ነፋስ) የሚያወጣው በኦክላሆማ ኖርማን ከተማ የሚገኘው የዚሁ አገልግሎት የወጀብ ትንበያ ማእከል ነው፤ ሰፊ ግዛትንም ይሸፍናል። «ዋርኒንግ» ማለት ደግሞ በራዳር ወይም በዓይን ታይቷል፣ ወደ እናንተ እየመጣ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን «የዝግጁነት ማሳሰቢያ»፣ ሁለተኛውን «ማስጠንቀቂያ» ብለው ይለዩና ከጎናቸው የሚያስከትሉትን ተግባር ያክሉ፤ ለመጀመሪያው «ተዘጋጁ»፣ ለሁለተኛው «አሁኑኑ ተጠለሉ»። ለእናታቸው ወይም ለአያታቸው መልእክቱን በስልክ የሚያነቡ ልጆችም ከሁሉ በፊት እነዚህን ሁለት ግሦች ቢናገሩ ይበቃል። እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2021 ጀምሮ የነጎድጓድ ማስጠንቀቂያ በእያንዳንዱ ስልክ ላይ እንዲጮኽ የሚደረገው «አውዳሚ» ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ ማለትም ነፋሱ በሰዓት ወደ 130 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ወይም በረዶው 7 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ነው። ስለዚህ «ስልኬ አልጮኸም» ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም።

ደረጃ 5፦ ቃሉ ግሥ ከሆነ ተከትሎት የመጣውን መስተዋድድ ይመልከቱ

አሁን ወደ ሰው እንመጣለን። እንግሊዝኛው ግሥ ከሆነ ስለ አየር ጠባይ የሚያወራው እምብዛም ነው፤ አቅጣጫውን የሚነግረን ተከትሎት የሚመጣው ትንሽ ቃል ነው። «ስቶርም አውት» ማለት ተቆጥቶ ጥሎ መውጣት ሲሆን፣ ጉዳዩ የስብሰባ ከሆነ የአማርኛ ጋዜጣ «ስብሰባውን ረግጦ ወጣ» ይላል፤ የቤት ጠብ ከሆነ «በሩን ወርውሮ ወጣ» ይባላል። «ስቶርም ኢን» ማለት ደግሞ «በሩን በርግዶ ገባ» ነው። «ዘው ብሎ ገባ» ቢሉት ድንገተኛነቱን ይይዛል፣ ቁጣው ግን ይቀራል። «ስቶርም አት» የሚለውን «አምባረቀበት» ብሎ መተርጎም በጣም ይስማማዋል፤ ከመብረቅ ጋር ዝምድና ያለው የሚመስል ግሥ ነውና በአማርኛም ሰማዩ ከቁጣው አይርቅም። «ደነፋበት» ደግሞ ዛቻ ሲጨመርበት ይሻላል።

ከጀርባው መስተዋድድ ሳይኖር ሕንፃ ወይም ምሽግ ሲከተለው ቃሉ ወታደራዊ ነው፤ በጀርመንኛም ተመሳሳዩ ቃል «ሽቱርም» ወጀብንም የጦር ጥቃትንም ይጠራበታል። ፓሪሳውያን እ.ኤ.አ. በጁላይ 14 ቀን 1789 በባስቲል ምሽግ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 6 ቀን 2021 በዋሽንግተን በኮንግረሱ ሕንፃ ላይ የተፈጸመውም በእንግሊዝኛ ዜና በዚሁ ግሥ ተዘግቧል። እዚህ ላይ የሚመርጡት የአማርኛ ግሥ ፍርድ ያዘለ መሆኑን ይገንዘቡ፤ «ሰብረው ገቡ» የበርና የመስኮት ጉዳትን ያመለክታል፣ «ጥሰው ገቡ» የጥበቃ መሥመር መጣሱን፣ «ወረሩ» ደግሞ እንደ ጠላት መግባታቸውን። ምንጩ የሚለውን ተከትለው «ጥሰው ገቡ» ቢሉ አብዛኛውን ጊዜ ሚዛኑን ይጠብቃል። የፖሊስ ኃይል ታጋቾችን ለማስለቀቅ ሲገባ ግን «በድንገተኛ እርምጃ ገብቶ ያዘ» ማለት ይገባል፤ ሕግ አስከባሪ «ሰብሮ ገባ» ሲባል ጆሮ ሌላ ነገር ይሰማልና።

የስፖርት ጋዜጠኞች ቃሉን ለፍጥነት ይጠቀሙበታል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀድሞ የገባበትን ዓይነት አጨራረስ እንግሊዝኛው «ስቶርሚንግ ፊኒሽ» ሊለው ይችላል። እኛ ለዚህ ከማንም መዋስ አያስፈልገንም፤ የሩጫ ዘጋቢዎቻችን «ተፈትልኮ ወጣ» ካሉት ዘመን ተቆጥሯል።

ደረጃ 6፦ ስም ሆኖ በምሳሌያዊ ፍቺ ከመጣ፣ ከአማርኛ ዘይቤ ውስጥ ተመጣጣኙን ይምረጡ

አማርኛ ራሱ የሰማይንና የመሬትን ነገር ለሰው ጉዳይ ስለሚያውል ተመጣጣኝ አይጠፋም፤ የሚያስፈልገው መጠኑን ማስተካከል ነው። የብዙ ሰው ተቃውሞ ከሆነ «የተቃውሞ ማዕበል» ይስማማል። በአንድ ሰው ላይ የሚወርድ ትችት ከሆነ «የትችት ናዳ ወረደበት» ወይም «የወቀሳ ውርጅብኝ» ማለት ይሻላል። ንግግሩ ወይም ውሳኔው ክርክር ብቻ ያስነሣ እንደሆነ «አቧራ አስነሣ» ይበቃዋል። ጭብጨባ ከሆነ «አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ» ይባላል። በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ሰዎች ተቀጣጥረው በአንድ ሰዓት የሚለቁት «ትዊተር ስቶርም» ግን የታቀደ ስለሆነ ማዕበልም ናዳም አይደለም፤ ዘመቻ ነው።

የተለመዱትን ፈሊጦች ደግሞ እንዲህ ማስተናገድ ይቻላል። እንግሊዞች «በሻይ ስኒ ውስጥ ያለ ወጀብ» የሚሉት ለኢምንት ነገር የሚነሣ ጫጫታን ነው፤ ስኒውን ትተው «በሆነ ባልሆነው አገር ይያዝልኝ ማለት» ቢሉት አንባቢው ወዲያው ይገባዋል። «ስቶርሙን ተሻገረ» የሚለው «ክፉውን ቀን አለፈ» ነው። «ከተማውን በስቶርም ያዘ» የተባለ ዘፋኝ ከተማ አልወረረም፤ የሁሉን ቀልብ ገዛ እንጂ። «ዳንስ አፕ ኤ ስቶርም» ሲሉ «ጭፈራውን አቀለጡት»፣ «ቶክ አፕ ኤ ስቶርም» ሲሉ ደግሞ «ወሬውን ሰለቁት» ይበሉ። «ከወጀብ በፊት ያለ ጸጥታ» በአማርኛም ከተለመደ ስለቆየ እንዳለ ቢቀመጥ አይጎረብጥም።

ሁለት ፈሊጦች ግን ማቆም ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው «ፐርፌክት ስቶርም» ነው። አነጋገሩ በሰፊው የተሠራጨው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1991 መጨረሻ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ጠረፍ ከደረሰው ወጀብ በኋላ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ከካናዳ የመጣ ከፍተኛ የአየር ግፊት፣ በባሕሩ ላይ የተፈጠረ ዝቅተኛ ግፊትና «ግሬስ» ከተባለው ሃሪኬን የቀረው እርጥበት በአንድ ጊዜ ተገናኝተው ነበር። «ፍጹም ዐውሎ ነፋስ» የሚለው ትርጉም ምንም አይነግርም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ይቀርበዋል፤ ሆኖም ተረቱ የሚናገረው በነበረ ችግር ላይ ሌላ ችግር ስለ መጨመሩ ሲሆን፣ እንግሊዝኛው ግን ለየብቻቸው ብዙ የማይጎዱ ነገሮች ተገጣጥመው አደጋ መፍጠራቸውን ያሳያል። ስለዚህ በኢኮኖሚ ሪፖርት ውስጥ «ሁሉም በአንድ ጊዜ ተገጣጥሞ» ብሎ ምክንያቶቹን መዘርዘር ይመረጣል።

ሁለተኛው «የስቶርም ዓይን» ነው። በሃሪኬን መካከል የሚገኘውና አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 65 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ዓይን ነፋሱ ጋብ የሚልበት፣ አንዳንዴም ሰማዩ የሚጠራበት ቦታ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን በምሳሌያዊ አነጋገር ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ይጠቀሙበታል፤ «ሚኒስትሩ በስቶርሙ ዓይን ውስጥ ናቸው» ሲሉ የውዝግቡ መነሻና ዒላማ ናቸው ማለታቸው ነው። ጸሐፊው የትኛውን እንደፈለገ ከዐውዱ ይወስኑና ወይ «በውዝግቡ መካከል ተረጋግተው» ወይ «የውዝግቡ ማእከል ሆነው» ብለው ይጻፉ።

ሌላው በስሕተት የሚጣመረው «በወጀብ ጊዜ የተገኘ ወደብ ሁሉ ወደብ ነው» የሚለው አባባል ነው። «ውኃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል» ከሚለው ተረታችን ጋር አንድ አይደለም፤ ወደቡ ባይመችም ያድናል፣ አረፋው ግን አያድንም።

ደረጃ 7፦ የሙያ ቃል ከሆነ ሰማዩንም ቁጣውንም ይተዉ

በሆስፒታል የሚያስተረጉም ሰው ከሁሉ የበለጠ መጠንቀቅ ያለበት እዚህ ነው። «ታይሮይድ ስቶርም» የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ከመጠን አልፎ ሰውነትን በከባድ ትኩሳትና በተጣደፈ የልብ ምት የሚያናውጥበት፣ ሕይወትን የሚያሰጋ ድንገተኛ ሁኔታ ነው። «ሳይቶካይን ስቶርም» በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ብዙ የተወራለት ሲሆን፣ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ከልክ አልፎ ራሱን አካሉን መጉዳቱን ያመለክታል። «ኤሌክትሪካል ስቶርም» ለአየር ጠባይ ባለሙያ መብረቅ የበዛበት ወጀብ ነው፤ ለልብ ሐኪም ግን አደገኛ የልብ ምት መዛባት በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ መደጋገሙ ነው። ለቤተሰብ ሲነገር «የልብ ምቱ በአንድ ቀን ውስጥ በተደጋጋሚ በአደገኛ ሁኔታ ተዛብቷል» ማለት እንጂ ነፋስ የሚባል ነገር መነሣት የለበትም።

በምሕንድስና ሰነድ ውስጥ «ስቶርም» ዝናብ ነው፤ ነፋስ አይደለም። «ስቶርም ድሬይን» የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ ሲሆን፣ «የ100 ዓመት ስቶርም» ማለትም በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ዝናብ ማለት ሳይሆን በማንኛውም ዓመት 1 በመቶ የመከሰት ዕድል ያለው ዝናብ ማለት ነው። የድልድይ ወይም የመንገድ ሰነድ ሲተረጉሙ ይህንን ሙሉውን ይጻፉት፤ አለዚያ ዘንድሮ ጎርፍ የገባበት የቀበሌ ነዋሪ እስከ ልጅ ልጁ ድረስ የሚተርፍ መስሎት ይተኛል።

በሥልጠና ጽሑፎች ደግሞ «ብሬይንስቶርሚንግ» እና «ስቶርሚንግ» ይምታታሉ። የመጀመሪያው፣ አሌክስ ኦስቦርን የተባለው አሜሪካዊ የማስታወቂያ ባለሙያ ያስፋፋውና ሰዎች ሳይነቃቀፉ ሐሳብ የሚያፈልቁበት ዘዴ ነው። ሁለተኛው ብሩስ ተክማን እ.ኤ.አ. በ1965 ካስቀመጣቸው የቡድን ዕድገት ደረጃዎች አንዱ ሲሆን፣ አባላቱ የሚጋጩበት ወቅት ነው። አንዱ «ሐሳብ ማፍለቅ»፣ ሌላው «የመጋጨት ደረጃ» ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ የተረጎመ መምህር ሠልጣኞቹን በግጭቱ ሰዓት ሐሳብ ሊያስፈልቃቸው ይነሣል።

ደረጃ 8፦ ትርጉሙን እንግሊዝኛውን ላላየ ሰው ያስነብቡ

ጽሑፉን ለአንድ ሰው ይስጡትና ምን እንደተረዳ ሳይሆን ምን እንደሚያደርግ ወይም ምን እንደደረሰ ይጠይቁት። ማስጠንቀቂያ ከሆነ «ከቤት ትወጣለህ ወይስ ትገባለህ?» ይበሉት፤ ዜና ከሆነ «የተጎዳው ጣሪያ ነው ወይስ ስም?» ይበሉት። መልሱ ወዲያው ካልመጣ ወደ ደረጃ 1 ይመለሱ። መልሱ ትክክል ሲሆን ግን የመረጡትን ቃል ከነሙሉ ዓረፍተ ነገሩ በግል የቃላት መዝገብዎ ላይ ያስፍሩት፤ ቃሉን ብቻውን ካሰፈሩት በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለ ቦታው ሊያስገቡት ይችላሉ።